ድስታችን ሁለት፣ ልቅሷችን አንድ፦ ስለ ቅሬያችን ለወረዳው አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥር 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ እና የባህልና ቱሪዝም ክፍሎች
ደቡብ ወሎ

ጉዳዩ፦ ቅሬያችን በእድር ሞዴል ደንብ እንደገና እንዲደራጅ የተሰጠውን ትእዛዝ ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ባለፈው መስከረም ለቅሬያችን፣ ማለትም መንደሩ ሙታኑን በጋራ ለሚቀብርበትና ለሚረዳዳበት ማኅበር፣ ከጽሕፈት ቤታችሁ የተላከ ባለ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ደርሶናል። ሽፋኑ ላይ «የእድሮች ሞዴል መተዳደሪያ ደንብ» ይላል። አብሮት ቅጽ አለ። ቅጹን በሦስት ወር ውስጥ ሞልተን፣ ክብ ማኅተም አስቀርጸን፣ የባንክ ሒሳብ ከፍተን እንድንቀርብ ታዘናል። እንደ ታዘዝነው ሞከርን። በእነዚያ ሦስት ወራት በመንደራችንና በአጎራባቹ መንደር አምስት ሰው ቀበርን። ከአምስቱ በሁለቱ ልቅሶ ላይ ደንቡ ራሱ ለቀስተኛውን አጣላ። በእጅ ያስገባናቸው ሁለት ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙ ይህንን ሦስተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተስማምተናል።

እኔ ጸሐፊው በዚሁ መንደር ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። አንድ ቃል ላይ ብዘገይ የሙያ ልማድ ነውና ታገሡኝ።

ደንቡ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ቅሬ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። ይህንን ለአንድ ባለሙያችሁ ስናነሣለት «ያው ነው እኮ፣ እድር ማለት ነው» አለን። ያው አይደለም። ከተማ ውስጥ ሰው ሁለትና ሦስት እድር ይኖረዋል፤ የሠፈር እድር አለ፣ የመሥሪያ ቤት እድር አለ፣ የአገር ልጆች እድር አለ። ወርኃዊውን የከፈለ አባል ነው፣ ያልከፈለ ይሰረዛል። ቅሬ ግን ጎጆ የወጣ ሰው ሁሉ የቤቱ ጭስ በታየ ዕለት የሚገባበት ነው። በእኛ በኩል እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ «የየት ቅሬ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ አድራሻውም፣ ዋሱም፣ ምስክሩም ነው። ለልጅ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቱ አባት በሬና መሬቱን ከመጠየቁ በፊት «ቅሬው ስለ ቤቱ ምን ይላል?» ብሎ ያጣራል። ከቅሬ የተለየ ሰው ጎረቤት እሳት አይጭርለትም፣ ቡና አይጠራም፣ በሞተ ቀን ቃሬዛውን የሚያነሣ ትከሻ ያጣል። ስለዚህ ሰው የፍርድ ቤትን ቅጣት ችሎ የሚያድርበት አገር ላይ የቅሬን ቅጣት አይችልም። ይህ ሁሉ ያለው «ቅሬ» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። «እድር» ብላችሁ ስትጽፉት ከቃሉ ጋር ግዴታው አብሮ እንደማይሄድ ያየነው ወጣቶቹ ደንቡን ባነበቡ በሳምንቱ ነው። አንዱ ወጣት «እድር ከሆነማ በፈቃደኝነት ነው፣ ገጽ 3 ላይ ተጽፏል» ብሎ መቃብር ሳይወጣ ቀረ። አንብቦ የተረዳውን ነው ያደረገው፤ ልወቅሰው አልቻልሁም፤ ማንበብ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን የቅጹ ሰባተኛ ዓምድ ነው። «የአባሉ ሃይማኖት» ይላል፤ ከሥሩም ሙስሊምና ክርስቲያን አባላት በየራሳቸው እድር ተለይተው እንዲመዘገቡ «ይመከራል» የሚል ማስታወሻ አለ። ምክር ነው ብለን ባንድ ላይ ሞልተን ብንወስደው «በተለያየ ቅጽ ሙሉት» ተብለን ተመለስን።

መዝገባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዓምድ ኖሮ አያውቅም። መዝገቡ የሚጀምረው ከወንዙ ዳር ካለው ቤት ነው፤ ከዚያ ሽቅብ ቤት በቤት ይወጣል፣ መስጊዱን በስተ ግራ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በስተ ቀኝ ትቶ ዳገቱ ላይ ያበቃል። ተራ ቁጥር 41 ላይ ያለው አባወራ የራሱ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የሙስሊም፣ የአያቱ ደግሞ እንደገና የክርስቲያን ነው። ባለቤቱ ከከሚሴ በኩል የመጣች ኦሮሞ ናት፤ ወንድሟ ሼኽ ነው። ይህ ሰው ለዓምድ ሰባት የራሱን መልስ መስጠት አላቃተውም፤ ሃይማኖቱን ያውቃል። ያቃተው የገዛ እናቱን ልቅሶ ለሌላ እድር ማስረከብ ነው።

ቅጹን ያዘጋጁት ባለሙያ ከምን ተነሥተው እንደሆነ እንገምታለን። አንድ ጊዜ ልቅሶ ላይ መጥተው ነበር፤ ሁለት ድስት ተጥዶ፣ ሁለት ቢላዋ ተስሎ፣ ሥጋው በሁለት ቦታ ሲከፋፈል አይተዋል። «ለካ ሁለት ናችሁ» ብለው ሄዱ። አዎ፣ ድስታችን ሁለት ነው። የሙስሊሙን በሬ ሙስሊም ያርደዋል፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን። ግን ለሁለቱም ድስት እንጨቱን የፈለጠው አንድ ሰው ነው፣ ውኃውን ያመላለሱት የአንድ ሠፈር ሴቶች ናቸው፣ ሽንኩርቱ የተከተፈው በአንድ ትሪ ላይ ነው። ሁለቱ ድስት የተጣደው ማንም ጎረቤት ሳይበላ እንዳይሄድ ነው። እናንተ ድስቱን ቆጥራችሁ ልቅሶውን ለሁለት ከፈላችሁት።

የመቃብሩንም ነገር ልጨምር። የቅሬያችን ዋና ቆፋሪ ክርስቲያን ነው። ለክርስቲያን ሲቆፍር ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ለሙስሊም ሲሆን ወደ ቂብላው አቅጣጫ በጎን በኩል ለህዱን እንዴት እንደሚያበጅ ከብዙዎቹ ሙስሊም ወጣቶች ይልቅ ያውቃል፤ የተማረውም ከአንድ አሁን በሕይወት ከሌሉ ሼኽ ነው። ሙስሊም ቤት ሲደርስ «አላህ ይርሐማቸው» ይላል፣ ክርስቲያን ቤት ሲደርስ «ነፍስ ይማር» ይላል። ይህንን ማንም አላሠለጠነውም። እኛ ዘንድ ለቀስተኛ የሚናገረው በሟቹ ቤት ቋንቋ ነው። ክርስቲያኗ ጎረቤት የታመመውን «አብሽር» ብላ ታጽናናለች፣ ሙስሊሟ አዋላጅ ምጥ ለያዛት «ማርያም ትድረስልሽ» ትላለች። በሥነ ልሳን መጽሐፍ «የቃላት መዋዋስ» ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። እዚህ ግን ሰው ሲታመም፣ ሲወልድና ሲሞት ማን ደጁ እንደሚቆም የሚታወቀው በእነዚህ ቃላት ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ከእኛ በላይ ያለው መንደር ቅጹን «ጨርሰን እንገላገል» ብሎ እንደ ታዘዘው ለሁለት ተከፍሎ ሞላ። በኅዳር አጋማሽ አንዲት አሮጊት ዐረፉ። ከሙስሊም ቤት ተወልደው፣ ክርስቲያን አግብተው፣ በመጨረሻ ዘመናቸው ልጃቸው ቤት የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጆቻቸው በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ አሉ። የሟቿ እምነት ለማንም ጥያቄ አልነበረም፤ ካህኑ ጠዋት መጥተዋል። ጥያቄው የትኛው እድር ጥሩምባ ይንፋ፣ የትኛው ድንኳን ይትከል፣ ወጪው ከየትኛው ሣጥን ይውጣ ነበር። አንዱ ጸሐፊ «በእኔ ዝርዝር የሉም» አለ፤ እውነቱን ነው፣ የሉም። ሌላው «የተመዘገበው ልጃቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም» አለ፤ እሱም እውነቱን ነው። ያ ቆፋሪያችን ተጠርቶ ሄዶ ዶማውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም «ቆፍር» የሚለው የለም። አስከሬኑ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ውስጥ ቆየ። በመጨረሻ አንዲት ዱበርቲ (በዱዓቸው የሚከበሩ እናት) ተነሥተው «በሉ እኔ ልቆፍር፣ ዶማውን አምጡ» ሲሉ ወንዱ ሁሉ አፍሮ ተነሣ። እኚህ ሴት ከቀብር መልስ ቡና ሲጠጣ ስኒውን ይዘው «ይህ ቡና ጀባ የሚባለው ለየትኛው ቅጽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ።

ሃይማኖትን ከመዝገብ ጋር ማጋባት በወሎ ምን እንዳስከተለ አታውቁትም አልልም፤ ለማስታወስ ያህል ነው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ላይ በተደረገው ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉት እምቢ አሉ፤ እኚህ ሰው አማርኛን በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም እየሆነ አሳለፈው። ያኔም ለቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ ሌላ፣ ሰው በደጁ የሚኖረው ኑሮ ሌላ ነበር። እኚያው በትእዛዝ የተጠመቁት ንጉሥ ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የአዳራሹን ፎቶግራፍ በጽሕፈት ቤታችሁ ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቅጹን የተቀበልሁትም ከሥሩ ቆሜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ደንቡ መዋጮ በብር ብቻ እንዲሆን፣ ሦስት ወር ያልከፈለ «ውዝፍ ያለበት» ተብሎ ከአገልግሎት እንዲታገድ ይላል።

ይህን ስሰማ የመጣብኝ 1977 ዓ.ም. ነው። ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ድርቁ ሲጠና ከቅሬው መጀመሪያ የቀረው ሰደቃና ተዝካሩ ነው። ቀጥሎ ንፍሮው ቀረ። ቀጥሎ ከፈኑም መገነዣውም ቀረና ሰው በለበሰው ተቀበረ። በመጨረሻ አፈር ማልበስ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ለእሱም የሚቆፍር ጉልበት ሲጠፋ ቅሬው ቆመ። የተረፈው ሰው ተመልሶ መዝገቡን እንደ አዲስ የከፈተው በ1979 ነው። የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረኃብ ያዩ ሽማግሌዎች በአንደኛው ገጽ ላይ ያስጻፉት ቃል ዛሬም አለ፦ «ብር የሌለው ከቅሬ አይወጣም፤ እንጨት ያለው እንጨት፣ ጉልበት ያለው ጉልበት፣ ውኃ የሚቀዳ ውኃ ያምጣ»። ከታች አሥራ ሰባት የጣት አሻራ አለ።

በዚህ ቃል መሠረት አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ብር ሳያዋጡ የቅሬው አባል ሆነው ኖረዋል። የሚያዋጡት ሁለት ጀበናና ከሃያ የማያንሱ ስኒዎች ነው። ሰው በሞተበት ቤት ቀድመው ደርሰው እሳቱን የሚያያይዙት እሳቸው ናቸው፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በእሳቸው እጅ ነው የሚወርደው። ቅጹን ስሞላ ከስማቸው ትይዩ ባለው ሣጥን ውስጥ ዜሮ መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍሁ። በታኅሣሥ ከወረዳ በመጣው ዝርዝር «ውዝፍ ያለባቸው» ከተባሉት ስድስት ሰዎች አንደኛዋ እሳቸው ሆኑ። ወረቀቱን ማን እንዳነበበላቸው አላውቅም፤ በሚቀጥለው ልቅሶ ጀበናቸውን በልጅ ልከው ራሳቸው ቀሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የቀሩት።

የባንኩ ጉዳይ አጭር ነው። የሣጥናችን ሦስት ቁልፍ ሦስት ቤት ነበር። በትእዛዙ መሠረት ገንዘቡን ባንክ አስገባን፤ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሙስሊም ወንድማችን ሞተ። በእስልምና ቀብር አይዘገይም። ባንክ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። አቡጀዲውን ከሱቅ በዱቤ አመጣን። ባለ ሱቁ የቅሬያችን አባል ስለሆነ ሰጠን፤ የማያውቀን ቢሆንስ? ደንቡን ያወጣው ሰው ሞት የሥራ ሰዓት የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ሦስተኛው የአባጋሮቻችን ነገር ነው። ወሎን የማያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ፣ አባጋር ማለት የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ደም የፈሰሰበትን የሚያደርቅ፣ በዕድሜና በቃሉ የታመነ ሽማግሌ ነው። አሁን «የግጭት አፈታት ንዑስ ኮሚቴ» ተብለዋል። ስማቸው ብቻ ቢቀየር ዝም እንል ነበር። ሆኖም ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ ታዘዙ፤ ለዚያም እኔ ተመደብሁ።

የመጀመሪያው ጉዳይ የሁለት ጎረቤታሞች የድንበር ጠብ ነበር፤ አንዱ ሲያርስ የሌላውን ወሰን ድንጋይ ነቅሏል። በልማዱ ቢሆን ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይወራል። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ ማንንም ሳያይ «ድንጋይ እግር አለው መሰለኝ በዚህ ዓመት» ይላል። ሰው ይሥቃል። የነቀለው ሰው አንገቱን ይደፋል። እዚያ ላይ ነገሩ ግማሹን አልቋል፤ ማንም ስሙን አልጠራውም፣ ማንም ሌባ አላለውም፣ እሱም መካድ አላስፈለገውም። በመጨረሻ «አፉ» ይባባላሉ፣ ድንጋዩ በማግሥቱ ተመልሶ ይተከላል።

በዚህ ጊዜ ግን የተላከልኝ የቃለ ጉባኤ ቅጽ ከላይ «ከሳሽ»፣ ከታች «ተከሳሽ» ይላል። ባዶ ቦታውን ለመሙላት የሁለቱን ስም ጮክ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «ተከሳሽ» ስል ሰውየው ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔ ተከሳሽ ነኝ? በማን?» አለ። ሌላውም «እኔ አልከሰስሁህም፣ ሽማግሌ ነው የጠራሁት» አለ። እውነቱን ነበር። ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቷል። ሁለቱ አሁን ወረዳ ፍርድ ቤት ናቸው፤ ሦስት ቀጠሮ ተመላልሰዋል፣ የወሰኑ ድንጋይ እስካሁን ወድቆ ነው ያለው። የእኔም ጥፋት አለበት፤ ቅጹን ትቼ መጻፍ እችል ነበር። ማስረጃ የሚጠይቀን ሰው ስለሚያስፈራን ነው እንደ ታዘዝሁት ያደረግሁት።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ በባህላዊ ሕግ መዳኘትን እንደማይከለክል፣ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ቅርስ ሲባል ድንጋይና ብራና ብቻ እየታሰበ ይመስለናል። ያ «ድንጋይ እግር አለው» የሚለው ሽማግሌ አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኮሚቴ ከሆነ ወዲህ አልመጣም።

ሌላም አለ። ደንቡ የተላከልን በአማርኛ ብቻ ነው። ቅሬያችን ውስጥ ከቆላው በጋብቻ የመጡ፣ በኦሮምኛ የሚያለቅሱ እናቶች አሉ፤ ሲያለቅሱም እኛ ተቀብለን እናዜማለን። ባቲ ገበያ ሰኞ የወረደ ሰው አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በሦስት ቋንቋ እየተከራከረ ሲገበያይ ያያል፤ ግመል ሻጩ በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ጠርቶ በሌላው ይምላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። የሰውን ልቅሶ የሚለውጥ ወረቀት ሲላክ ቢያንስ በቃል በኦሮምኛ የሚያስረዳ አንድ ሰው አብሮ ይላክ። አማርኛውም ቢሆን አማርኛ ለሚያውቅ የተጻፈ አይመስልም። «አባላት ባለቤትነት ተሰምቷቸው ወደ ተግባር እንዲገቡ አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አንደኛው «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የሚለን?» አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ዝም አልሁ።

በዚህ መካከል ከባህልና ቱሪዝም ክፍላችሁ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ለባህል ቀን ቅሬያችን «የወዳጃ ትርኢት» በሰባት ደቂቃ እንዲያቀርብ፣ ተሳታፊዎች አንድ ዓይነት ልብስ እንዲለብሱ ይጠይቃል። ወዳጃ ሌሊቱን ሙሉ በቡናና በዱዓ የሚታደርበት፣ ለታመመ፣ ለዝናብ፣ ለተጨነቀ የሚለመንበት ነው። ሙስሊሙ ይለምናል፣ ክርስቲያኑ «አሚን» ይላል። በሰባት ደቂቃ ጀበናው እንኳ አይፈላም። መድረኩ ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ ደግሞ «ወሎ የፍቅር አገር» የሚል እንደሆነ ተነግሮናል። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ሆነው በአገሩ ሁሉ ሲዘፈንባቸው ደስ ይለናል። ግን በአንድ ወር ውስጥ ከአንድ ግቢ ሁለት ደብዳቤ ሲወጣ፣ አንዱ «ተለያዩ» ሲል ሌላው «ተቃቅፋችሁ ጨፍሩ» ሲል፣ የሁለቱ ክፍሎች ቢሮ ግድግዳ ብቻ እንደሚለያቸው እያወቅን ምን እንበል? ትርኢቱን አናቀርብም። ለማኩረፍ አይደለም፤ የሚለብሱትን አንድ ዓይነት ልብስ ለመግዛት የተጠየቀው ገንዘብ ከባንክ በሦስት ፊርማ የሚወጣው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ወደ ጥያቄያችን እገባለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ነበር። ማንም ላይ አንፈርድም፤ ሁሉም ነፍሱን ለማዳን ሄዷል። በእነዚያ ሳምንታት መንገድ ላይ የወደቀ የማይታወቅ ሰው ሁሉ በቅሬ ነው የተቀበረው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያምን የሚነግረን አልነበረም። ሁለቱንም ጸሎት አደረስንለት፤ ሼኹም ቄሱም ተራ በተራ። የቅጹ ሰባተኛ ዓምድ በዚያን ጊዜ ቢኖር የእነዚያ ሰዎች ቦታ የት ይሆን ነበር?

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ቅጹ ላይም ደንቡ ላይም «እድር» የሚለው ስም በእኛ በኩል «ቅሬ» ተብሎ ይስተካከል፤ አባልነት በፈቃድ ነው የሚለውም የገጽ 3 አንቀጽ የነዋሪነትን ግዴታ በሚገልጽ ይተካ። አንቀጹን እኛ ልናረቅቅ እንችላለን፤ በነፃ።

ሰባተኛው ዓምድ ይነሣ። በዚህ ምክንያት ለሁለት የተከፈለው የላይኛው መንደር ቅሬ ወደ አንድ እንዲመለስ ጽሕፈት ቤታችሁ በደብዳቤ ይፍቀድ፤ ያለ ደብዳቤ ለመመለስ ፈርተዋልና።

መዋጮ በዓይነትና በጉልበት መሆኑ ይታወቅ። «ውዝፍ ያለባቸው» የተባሉት ስድስት ሰዎች ስም በጽሑፍ ይሰረዝ። ከስድስቱ ለአንዷ ግን ጽሑፍ አይበቃም፤ ዝርዝሩን የፈረመው ኃላፊ ቤታቸው ሄዶ ቡና ይጠጣና ይቅርታ ይጠይቅ። መንገዱን እናሳያለን።

ለአንድ ቀብር የሚበቃ ገንዘብ በሦስት ቁልፍ ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ይፈቀድ፤ የቀረው ባንክ ይሁን።

አባጋሮች በስማቸው ይጠሩ። መዝገብ ከተፈለገ የዕርቁ ውጤትና ቀኑ ብቻ ይጻፍ፤ ከሳሽና ተከሳሽ የሚሉት ቃላት ከቅጹ ይውጡ። በፍርድ ቤት ያለውም የድንበር ጉዳይ ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ሲያመለክቱ ወደ ሽማግሌ እንዲመለስ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።

ይህን ለመነጋገር በየካቲት ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከወርካው ሥር እንሰበሰባለን። እንድትገኙ እንጠይቃለን። ሐሙስ የመረጥነው ጁምዓም እሑድም ስላልሆነ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የቅሬው ጸሐፊ፣ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር
የቅሬው ዳኛ (በጣት አሻራ)
የሴቶች ቅሬ ሰብሳቢ
የአባጋሮች ተወካይ
የቅሬው ቆፋሪ

ግልባጭ፦
ለዞኑ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለላይኛው መንደር፣ ለሁለቱም እድሮች በአንድ ፖስታ
ለቅሬያችን አባላት በሙሉ፤ በቃል በአማርኛና በኦሮምኛ ይነበባል